ስላሎም የውሃ ስኪ፦ ኳሱ ያመለጠው የት ጋ ነው? ችግርና መፍትሄ

በስላሎም ስኪተኛው ከጀልባ ኋላ እየተጎተተ፣ ሁለት ኳሶች በሚሠሩት በር ወደ ኮርሱ ይገባል፣ ውሃ ላይ የቆሙ ስድስት ኳሶችን ዞሮ በሌላ በር ይወጣል። አራተኛው ኳስ ያመለጠው ስኪተኛ ወደ ማረፊያው ሲመለስ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ካቻቪቴው ነው። ፊኑን (ከስኪው ጭራ ስር ያለችውን ሳህን) ትንሽ ያስገባል፣ ጫማውን አንድ ቀዳዳ ይገፋል፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሦስተኛው ኳስ ላይ ይወድቃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በስላሎም ስህተቱ የሚታይበት ኳስና ስህተቱ የተሠራበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኳስ ወደ ኋላ፣ አንዳንዴም በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ስትመረምሩ መጀመሪያ አቋማችሁን፣ ቀጥሎ ገመዱንና ጀልባውን፣ በመጨረሻ ስኪውን ተመልከቱ። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚያልፈው የደህንነት ፍተሻ ብቻ ነው፦ የጫማና የፊን ብሎኖች መጥበቃቸው ሁልጊዜ ውሃ ከመግባት በፊት ይታያል።

ልኮቹን በቃል መያዝ ምርመራውን ያቀላል። ከመግቢያው በር እስከ መውጫው 259 ሜትር ነው። ስድስቱ ኳሶች በቀኝና በግራ እየተፈራረቁ ከመሃል መስመሩ 11.5 ሜትር ርቀው ይቆማሉ። በጀልባው አቅጣጫ ሲለካ ከበሩ እስከ መጀመሪያው ኳስ 27 ሜትር፣ ከኳስ እስከ ኳስ 41 ሜትር፣ ከስድስተኛው እስከ መውጫው እንደገና 27 ሜትር ነው። በክፍት ምድብ የወንዶች ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር፣ የሴቶች 55 ነው፤ ጀልባው ኮርሱን በ58 ሲሄድ በ16.08 ሰከንድ፣ በ55 ሲሄድ በ16.95 ሰከንድ ይጨርሳል። ፍጥነቱ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ማጠር የሚጀምረው ገመዱ ነው፦ 18.25 ሜትር (ቀይ)፣ 16 (ብርቱካናማ)፣ 14.25 (ቢጫ)፣ 13 (አረንጓዴ)፣ 12 (ሰማያዊ)፣ 11.25 (ሐምራዊ) እያለ ይወርዳል። ሐምራዊው ላይ ገመዱ ከኳሱ ርቀት ያንሳል፤ ቀሪውን የሚሞላው የተዘረጋ ክንድና ያጋደለ ሰውነት ነው።

ምልክት፦ ከውሃ ውስጥ መነሳት አቃተኝ፣ እጀታው ከእጄ ይነጠቃል

ምክንያቱ ጉልበት ማነስ አይደለም። ጀልባው መሳብ እንደጀመረ ክንድ ከታጠፈ፣ ወይም እግር ቀድሞ ከተዘረጋ፣ ስኪው ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገፋዋል።

ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጀታውን ከጉልበት ፊት ያዙ፣ የስኪው አፍንጫ አንድ ስንዝር ያህል ከውሃ በላይ ይውጣ። ስኪው ውሃው ላይ እስኪወጣ ድረስ እንደተሰበሰባችሁ ቆዩ፤ የምትነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ነጂውም ድርሻ አለው። መጀመሪያ ገመዱን በዝግታ ያወጥራል፣ «ሂድ!» ሲባል ለሰውየው ክብደት በሚመጥን ጉልበት ይስባል። ለቀላል ልጅ ሙሉ ጋዝ መስጠት ትከሻ ያስጎዳል።

ምልክት፦ የመጀመሪያውን ኳስ አልፋለሁ፣ ግን ሦስተኛው ላይ በጣም ዘግይቻለሁ

ችግሩ በሩ ላይ ነው። በ58 ፍጥነት ጀልባው በአንድ ሰከንድ 16 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በኳስና በኳስ መካከል ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በሩ ላይ የጠፋ ግማሽ ሰከንድ 8 ሜትር ነው። ያ ዕዳ መንገድ ላይ አይከፈልም፣ በየኳሱ ወለድ ይጨምራል እንጂ።

በብዛት የሚታዩት ሦስት መነሻዎች ናቸው። አንደኛው ወደ ግራ ሲወጡ በቂ ስፋት አለማግኘት ነው። ሁለተኛው፣ ስፋቱ ተገኝቶም ስኪው ገና እየፈጠነ ሳለ ወደ በሩ መዞር። ሦስተኛው በሩ እንዳያመልጥ ተፈርቶ በዝግታ መግባትና ከዚያ ከጀልባው ጀርባ በድንጋጤ መሳብ።

ስትወጡ ቢያንስ እስከ ኳሶቹ መስመር ድረስ ራቁ። እዚያ ላይ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ፍጥነታችሁ ከጀልባው ጋር እስኪስተካከል ጠብቁ፣ ከዚያ ዙሩ። ዒላማችሁ የበሩ የቀኝ ኳስ ይሁን፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ወደ መሃሉ ያነጣጠረ ሰው ጥቂት ከዘገየ ከግራው ኳስ ውጭ ያልፋል። ወደ ግራ የምትወጡበትንም ጊዜ በስሜት አትወስኑ። ከበሩ 55 ሜትር ቀደም ብለው የሚቆሙት የቅድመ በር ኳሶች ለዚህ ይረዳሉ፦ ጀልባው እነሱ ጋ ሲደርስ ውጡ፣ ከዘገያችሁ በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ቀድማችሁ ሞክሩ። በአንድ ልምምድ የምትቀይሩት ይህን ብቻ ከሆነ ውጤቱን ታነቡታላችሁ። በነገራችን ላይ በውድድር በሩን የሳተ ስኪተኛ ስድስቱንም ኳስ ቢዞር ለዚያ ዙር ነጥቡ ዜሮ ነው፤ ልምምድ ላይ በሩን እየዘለሉ ኳስ ብቻ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ምልክት፦ ኳሱን ስዞር ገመዱ ይላላል፣ ከዚያ በድንገት ይነጥቀኛል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርርበት ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ በስህተት የሚታከመውም ይሄ ነው። ገመድ የሚላላው ስኪተኛው ወደ ጀልባው የሚጠጋበት ፍጥነት ጀልባው ከሚርቅበት ሲበልጥ ነው። ማለትም ኳሱ ጋ የደረሳችሁት በጣም ፈጥናችሁ ወይም በጣም ጠባብ መስመር ይዛችሁ ነው። ሁለቱም የሚወለዱት ሞገዱ ላይ ነው።

ዘግይቶ የተነሳ ሰው የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ሁለተኛውን የጀልባ ሞገድ አልፎም መሳቡን ይቀጥላል። ስኪው ጠርዙን ሳይቀይር ወደ ኳሱ ይበራል፣ ፍጥነት የሚቀንስበት ቦታ አያገኝም፣ ኳሱ ላይ ደርሶ በኃይል ይታጠፋል። ገመዱ ላላ። ሌላው መንገድ ደግሞ አንዱን እጅ ቶሎ መልቀቅ ነው፤ እጀታው ከወገብ ሲርቅ ጀልባው ትከሻችሁን ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ የምትሄዱበት መስመር ይጠብባል።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦

1. ከኳሱ እንደወጣችሁ፣ ከመጀመሪያው ሞገድ በፊት፣ ዋናውን ሸክም ውሰዱ። ትልቁ ኃይል ከጀልባው ጀርባ መሃል ላይ ማለቅ አለበት።
2. መሃሉን እንዳለፋችሁ ጉልበታችሁ ለስላሳ ይሁን፣ ስኪው ከስራችሁ አልፎ ጠርዙን ይቀይር።
3. ሁለቱንም እጅ በእጀታው ላይ፣ እጀታውን ከወገብ አጠገብ አቆዩ፤ ስኪው ወደ ውጭ መሄዱ እስኪሰማችሁ ድረስ አትልቀቁ።
4. አንዱ እጅ ሲለቀቅ የያዘው ክንድ ቀስ ብሎ ወደ ጀልባው ይዘርጋ። መወርወር የለበትም።
5. ዓይናችሁ ኳሱ ላይ አይተከል። ኳሱን ያየ ወደ ኳሱ ይወድቃል፤ ወደምትሄዱበት ወደ ውስጥ ተመልከቱ።
6. ስኪው ዞሮ ከገመዱ ስር እስኪገባ ድረስ እጀታውን ለመንጠቅ አትቸኩሉ።

ገመዱ ከላላ በኋላስ? ክንድን አጥፎ መጎተት ጉዳት መጋበዝ ነው፤ ሲወጠር ሙሉው ምት ትከሻ ላይ ያርፋል። ክንድ ይዘርጋ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ክብደት ከጀልባው ተቃራኒ ይሁን። የላላው ብዙ ከሆነ እጀታውን ልቀቁት። ክንድ በእጀታውና በገመዱ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከገባ አደጋው ከባድ ነው፤ ያንን ክፍት የሚሸፍነው መረብ የሚሠራው ለዚህ ነው፣ ስለዚህ አታውልቁት።

ነጥብን በተመለከተ፦ ኳሱን ዞሮ ገመዱ ሳይወጠርለት የወደቀ ሩብ ያገኛል። በተወጠረ ገመድ ወደ ኳሶቹ መስመር ውስጥ የተመለሰ ግማሽ፣ እስከ ጀልባው መስመር የደረሰ ሙሉ ያገኛል። ውድድር የሚለየው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቁርጥራጮች ስለሆነ፣ ገመዱ ሲላላ ተረጋግቶ መቆየት ዋጋ አለው።

ምልክት፦ ኳሱ ላይ በስኪው አፍንጫ በኩል ወደ ፊት እገለበጣለሁ

መጀመሪያ ከጎን በስልክ ቪዲዮ አስቀርጹ። ትከሻ ወደ ኳሱ ቀድሞ ከወደቀና ወገብ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሰውነት መሃሉ ላይ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ይህን የትኛውም ብሎን አያስተካክለውም። አቋሙ ቀጥ ብሎ ሳለ አፍንጫው አሁንም በድንገት ከነከሰ ጫማዎቹ በጣም ወደ ፊት ሆነው ይሆናል። ሁለቱንም አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ አድርጉ። አንዱን ብቻ ካንቀሳቀሳችሁ የእግሮቻችሁ ርቀት ይቀየራል፣ ያ ሌላ ሙከራ ነው።

ምልክት፦ የስኪው ጭራ ይንሸራተታል፤ ወይም ስኪው ጨርሶ አይዞርም

እዚህ ላይ ካቻቪቴው ይፈቀዳል፣ ግን ካሊፐር (የጥቃቅን ልክ መለኪያ) ይቅደም። ፊን ማለት ከጭራው ስር የቆመችው የብረት ሳህን ናት፤ ሦስት ልኮች አሏት፦ ጥልቀት፣ ርዝመት፣ ከጭራ ያላት ርቀት። ላይዋ ላይ የምትታሰረው ትንሽ ዊንግ ደግሞ ወደ ኳሱ ስትቃረቡ ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ማዕዘኗ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ነው።

ከማንኛውም ሙከራ በፊት ፊኑ የአምራቹ ልክ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ኳስ የመታ ወይም ከማረፊያው ጋር የተጋጨ ስኪ ፊኑ ሸሽቶ ይገኛል፤ «ስኪዬ ተበላሸ» ከሚሉት መካከል ስንቱ እዚህ ላይ ተፈውሷል! ርዝመቱን በካሊፐሩ ጫፍ መለካትና በመንጋጋው መለካት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ የፊኗ የፊት ጠርዝ ክብ ስለሆነ ነው። አምራቹ በየትኛው እንደለካ እወቁ፣ ሁልጊዜም በአንድ ካሊፐርና በአንድ መንገድ ለኩ።

ልኩ ትክክል ሆኖ ጭራው ኳሱን ዞራችሁ ስትጨርሱ ከሸሸ ጥልቀቱን በ0.005 ኢንች ጨምሩ። ይህ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፣ ግን ይሰማል። በተቃራኒው ጭራው ተቸንክሮ ስኪው ዞሮ ካልጨረሰ ጥልቀቱን በዚያው መጠን ቀንሱ። አፍንጫው ውሃ ካልያዘና ስኪው ሰፊ ቅስት እየሠራ ከሄደ ርዝመቱን በትንሹ መጨመር ይሞከራል፤ ከመጠን በላይ ከነከሰ መቀነስ። በአንድ ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ቀይሩ፣ ቢያንስ ሁለት ልምምድ ስጡት፣ የነበረውን ቁጥር ጻፉ። ብሎኖቹን ስታጠብቁ እያፈራረቃችሁ በእኩል አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ፤ ፊኗ ሲጠብቅ ትንቀሳቀሳለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀዝቃዛ ሳምንታት ግን ፊን አትንኩ። ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ክረምቱን ሙሉ ያልሠራ ሰውነት ይዞ የተገኘ ልክ በሞቃት ውሃ አያገለግልም።

ምልክት፦ ጫማው ሳልወድቅ ይለቀኛል

ሁለቱም ጫማ በአንድ ሳህን ላይ ሆነው ሳህኑ በሚጨብጥ ፕላስቲክ ከስኪው ጋር ከተያዘ፣ ምክንያቱ አሸዋ ወይም ያለቀ ፕላስቲክ ነው። በብሩሽና በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ጥርሶቹ ከተጋደሙ ቀይሩት። እንዳይለቅ ብላችሁ አምራቹ ካዘዘው በላይ አትለጥፉ። የሥርዓቱ ዓላማ ስትወድቁ ሁለቱም እግር አብረው እንዲወጡ ነው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲቀር የሚሰበረው ቁርጭምጭሚት ነው። የጎማ ጫማ ከሆነና እግር አልገባ ካለ፣ በውሃ የቀጠነ ሳሙና እርጩበት። ዘይትና ቅባት ጎማውን ያበላሻል።

ምልክት፦ ትናንት የሠራ ሁሉ ዛሬ አልሠራም

ገመዱን ለኩ። እጀታው ከነማሰሪያው 1.5 ሜትር፣ ዋናው ገመድ 16.75 ሜትር ነው፤ ድምራቸው 18.25። ያረጀ ገመድ ይለጠጣል፣ ፀሐይ ደግሞ ክሩን ታደርቀዋለች። ተወጥሮ ሲለካ ከረዘመ ወይም ቀለበቶቹ ጋ ከተላጠ ጡረታ ይውጣ። ተበጥሶ የተቋጠረ ገመድ ለኮርስ አይሆንም፦ ቋጠሮው ያሳጥረዋል፣ ያዳክመዋልም።

ገመዱ ደህና ከሆነ የጀልባውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ እዩ። በጂፒኤስ የሚሠራው ዜሮ ኦፍ በፊደልና በቁጥር ይስተካከላል፦ ፊደሉ (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) ሞተሩ ለስኪተኛው ጉተታ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መመለሱን፣ ቁጥሩ (1፣ 2፣ 3) ምን ያህል በኃይል እንደሚመልስ ይወስናል። ከእናንተ በፊት የሄደው ሰው የመረጠው ሳይቀየር ከቀረ፣ ጀልባው ሌላ ጀልባ ይመስላችኋል። ገና ረጅም ገመድ ላይ ያለ ሰው አንዱን ይምረጥና ወቅቱን ሙሉ ይቆይበት፤ በየቀኑ ፊደል መቀያየር ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

በ16 ሜትር ገመድና በዝቅተኛ ፍጥነት ሞገዱ መሃል ላይ የሚያስዘልል ጉብታ ካለ፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ወደ ፊት አምጡ።

ምልክት፦ በሁለተኛው ዙር ውሃው ተናውጧል

ይህ የነጂው ሥራ ነው። ኮርሱን እንደጨረሰ በፍጥነት የሚታጠፍ ጀልባ የራሱን ሞገድ መልሶ ወደ ኮርሱ ይልካል። ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ጋዙን ይቀንስ፣ ስኪተኛው ሲሰምጥ በዝግታ ይዙር። ሰው ኮርሱ ውስጥ ሲወድቅም እንዲሁ፦ በዚያው በመጣበት መስመር፣ በዝግታ፣ የወደቀውን ሰው በነጂው ወገን አድርጎ ይመለስ፣ ሲደርስም ሞተሩን ከማርሽ ያውጣ። ሞገዱ ዳር ነክቶ እስኪመለስና እስኪሞት ድረስ አትነሱ፤ በጠባብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። በክለቦች ዘንድ አንድ ሰው ስድስት ዙር ያህል ሄዶ ተራ የሚለቀው፣ ቀጥሎም ነጂ ወይም ተመልካች ሆኖ ጀልባው ላይ የሚቀመጠው፣ ውሃውም ሰዉም እንዲያርፍ ነው።

ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ገመዱ ተለክቶ፣ ሁሉም ስኪተኛ አንዱ ኳስ ላይ ብቻ ከተቸገረ፣ መልህቁ ተንሸራቶ ይሆናል። ኮርሱን ለኩት።