በረገፈ ቅጠል የሚሠራ የልጆች የእጅ ሥራ፦ ችግርና መፍትሄ

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚሠራ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የልጁ እጅ ሳይሆን የቅጠሉ እርጥበት ነው። ማድረቁን ትልቅ ሰው ቀደም ብሎ ይጨርሰው፤ መለጠፉና መቀባቱ የልጁ ይሁን።

ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል
ምክንያቱ፦ ሳይጫን ደርቋል። ስሱ ክፍልና ወፍራሙ ጅማት እኩል ስለማይደርቁ ይኮማተራል።
መፍትሄው፦ በለቀሙበት ቀን፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በጋዜጣ መካከል ሳይደራርቡ ዘርግተው ከባድ መጻሕፍት ይጫኑበት። ጋዜጣውን በማግስቱ ይቀይሩ። ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ጭራውን ይዘው አግድም ሲያነሱት ጫፉ ካልተንጠለጠለ ደርቋል።
ልጆች ደጋግመው ለሚነካኩት ነገር፣ ለምሳሌ ለራስ አክሊል፣ እንዲህ የደረቀ ቅጠል አይበረክትም። 1 እጅ ግሊሰሪን በ2 እጅ ውሃ በጥብጠው ትኩስ ቅጠል ዝርግ ሳህን ላይ ይዘፍዝፉ፤ እንዳይንሳፈፍ ሌላ ሳህን ይጫኑበት። ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ሲያወጡትና ሲጠርጉት እንደ ስስ ቆዳ ይተጣጠፋል።

ጋዜጣው ውስጥ ሻግቷል
ጤዛ ወይም ዝናብ እንደያዘ ገብቷል። የሻገተውን ይጣሉ፤ ሌላውን በጨርቅ አድርቀው፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ።

በክሬዮን ሲፈገፍጉ የቅጠሉ ቅርጽ አይወጣም
ለዚህ ሥራ ደረቅ ቅጠል አይሁን፤ ከወረቀቱ ሥር ይደቃል። ትኩሱን ይጠቀሙ፣ ጅማቱ ጎልቶ የሚታየው ጀርባው ነውና እሱን ወደ ላይ ያዙሩት። ከላይ ስስ ወረቀት ይደርቡ። ዋናው ስህተት ግን ክሬዮኑን እንደ እርሳስ በጫፉ መያዝ ነው፤ ጫፉ መስመር ብቻ ይተዋል። ልባሱን ይላጡና በጎኑ አስተኝተው ልጁ በቀስታ ይግፋው። መጀመሪያ መሃለኛው ጅማት ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ እንደ መረብ የተዘረጉት ጥቃቅኖቹ። ምስሉ ድርብ ከሆነ ወረቀቱ ተንሸራቷል፤ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር ያያይዙ።

በቀለም ሲያትሙት ደብዛዛ ጭቃ ይሆናል
ቀለሙ በዝቷል ወይም ቀጥኗል። በብሩሽ ፋንታ በስፖንጅ ጀርባውን ይንኩት፤ ጅማቱ በቀለም ተውጦ ካልታየ በዝቷል ማለት ነው።

የተለጠፈበት ወረቀት ተጨማደደ
ነጭ ኮላ ውሃ አለው፤ ሲበዛ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ወፈር ያለ ካርቶን ይምረጡ፣ ኮላውን በቅጠሉ ጀርባ ላይ ብቻ በብሩሽ በስሱ ይቀቡ፣ ላስቲክ ደርበው እስኪደርቅ በመጽሐፍ ይጫኑት።

የጥድ ፍሬው ቀለም ሲቀባ ተዘጋ
አልተበላሸም። ቅርፊቶቹ ውሃ ሲጠጡ ውጫዊው ንብርብር ይበልጥ ስለሚያብጥ ይከደናሉ፤ ሞቃትና ደረቅ ቦታ ሲያድር ይከፈታል። በሚቀጥለው ወፍራም ቀለም በትንሹ፣ የቅርፊቱን ጫፍ ብቻ።
ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንንሽ ፍሬና ዘር አይስጡ፤ ያንቃሉ። ትልቁን ፍሬ ይስጡት።

ቀዩና ቢጫው ወደ ቡናማ ተለወጠ
የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያፈዘዋል፤ ሥራውን መስኮት ላይ አይስቀሉ። አንዴ ቡናማ የሆነው አይመለስም፤ ልጁ እንደገና ይቀባው።