የግሎው ፕለግ ሽቦን ከኮፈን ውጭ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ኮፈን ሲለብስ ነዳጁን በፍሙ የሚያቀጣጥለው ግሎው ፕለግ ከእጅ ይርቃል። ባትሪውን ለማገናኘት ጣት በኮፈኑ ቀዳዳ መግባት አለበት፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ያው ጣት በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር ከሚሽከረከር ፕሮፔለር ጀርባ ማገናኛውን ሊነቅል ይሄዳል። ከፕለጉ ሽቦ ስቦ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ጃክ (የባትሪው መሰኪያ የሚገባበት ቀዳዳ) መትከል ከዚህ አደጋ ያድናል። ሥራው የሁለት ሽቦ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህም ብዙ ሰው ይቸኩልበታል። ሞተሩ አልነሳ ሲል ነዳጁና ካርቡራቶሩ ይወቀሳሉ እንጂ ሽቦውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ፕለጉ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ ፕላቲነም አለበት። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ፣ ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ የሚፈጠረው ኬሚካላዊ ምላሽና የሲሊንደሩ ሙቀት ፍሙን ያቆዩታል፤ ባትሪ አያስፈልግም። አሜሪካዊው ሬይ አርደን እ.ኤ.አ. በ1947 ፕለጉን ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነው። ለማስነሳት ግን ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት፣ 3 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። ቮልቱ ትንሽ፣ አምፔሩ ብዙ ስለሆነ ሽቦውም መገጣጠሚያውም የሚያባክኑት ነገር ሁሉ ወዲያው ይታያል።

የመጀመሪያው ስህተት ቀጭን ሽቦ ነው። ከሰርቮ (የአውሮፕላኑን መሪዎች ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) የተረፈ ሽቦ እጅ ላይ ስለተገኘ ብቻ ይገጠማል። እስቲ እናስላው። ከጃኩ እስከ ፕለጉ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሄዶ መመለሻው 60 ሴንቲሜትር ነው። ሽቦው 0.25 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ በ3 አምፔር 0.12 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ1.2 ቮልት አንድ አሥረኛው ማለት ነው። ከባትሪው እስከ ጃኩ ያለው ገመድ ገና አልተቆጠረም። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚባክነው 0.02 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም፣ ከብዙ ክር የተሠራና ልባሱ ሲሊኮን የሆነ ሽቦ ይምረጡ። አንድ ወጥ የሆነው የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ይሰበራል፤ የተለመደው የፕላስቲክ ልባስም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አጠገብ ይቀልጣል።

ሁለተኛውና ብዙ ሰውን የሚያደናግረው ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ነው። ፕለጉ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ስለሚጠብቅ ማሳው ራሱ ሞተሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ሞተሮች የሚታሰሩት በናይሎን መያዣ ላይ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ መመለሻ የለውም። አንዳንዶች ካርቡራቶሩን የሚያንቀሳቅሰውን የብረት ዘንግ እንደ ማሳ ይጠቀሙበታል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ዘንጉ መገጣጠሚያው ላይ ስለሚላላ ግንኙነቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ብረት ከብረት ሲፋተግም ለሬዲዮ መቀበያው ረብሻ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ቀለበት ያለው የሽቦ ጫፍ ሞተሩን መያዣው ላይ ከሚያስሩት ቡሎኖች በአንዱ ሥር ማስገባት ነው። ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ ቀለም ካለው ፍቀው ብረቱ እስኪታይ ያጽዱት፤ ሮንዴላ ጨምረው ያጥብቁት። የቴስታታውን ቡሎን ፈቶ እዚያ ማሰር ቀላል ቢመስልም የቴስታታውን እኩል መጥበቅ ያዛባል።

ሽቦውን በካውያ ፕለጉ ላይ መበየድም ሌላ ጥፋት ነው። ፕለግ አላቂ ዕቃ ነው፣ ሜዳ ላይ መቀየር አለበት። የካውያው ሙቀትም የመሃለኛውን ጫፍ ከአካሉ የሚለየውን መከለያ ሊጎዳ ይችላል። በመሃለኛው ጫፍ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባ ማገናኛ ይጠቀሙ። ሽቦው ከማገናኛው በኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ አንድ ቦታ ላይ ይታሰር። ማገናኛው ላይ ሲበየድ ሊድ (በካውያ የሚቀልጠው መበየጃ) የጠጣው የሽቦ ክፍል ድርቅ ስለሚል የሚሰበረው ልክ እዚያ ጋ ነው።

የጃኩን ቦታ ሲመርጡ ለሽቦው ማጠር ሳይሆን ለእጅዎ ያስቡ። ከፕሮፔለሩ በደንብ ወደ ኋላ፣ ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን ይሁን። ከማርሚታው የሚወጣው ዘይት ጃኩ ውስጥ ከገባ መገናኛውን ይሸፍነዋል። 3.5 ሚሊሜትሩ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ ይበቃል፤ ሞኖው (ሁለት መገናኛ ብቻ ያለው) ይሻላል። ከባትሪው የሚመጣውን መሰኪያ በተመለከተ፣ ጫፉና አንገቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ማርሚታ ወይም የዕቃ ሳጥን ላይ ቢያርፍ ሾርት ያደርጋል፤ ሙሉ የሆነ የኒኬል ሴልም (ዳግም የሚሞላው ባለ 1.2 ቮልት ባትሪ) ገመዱን እስኪያግል ድረስ ይለቃል። መጀመሪያ ይሰኩት፣ ከዚያ ማብሪያውን ያብሩ።

ባትሪውን በተመለከተ አጭር ነው፤ 3.7 ቮልት ያለውን የሊቲየም ሴል በቀጥታ ካገናኙ ፕለጉ ወዲያው ይቃጠላል። ሁለት ሲሊንደር ካለ ደግሞ አምፔሩ እጥፍ ስለሚሆን ለእያንዳንዱ ፕለግ የራሱ ሽቦና የራሱ ሴል ይሁን።

የመጨረሻው ስህተት የአፈታተሽ ነው። መልቲሜትር ጃኩ ላይ አስነክቶ 1.2 ቮልት ስላነበበ ብቻ ሥራው አልቋል የሚል ሰው ተሳስቷል። አምፔር በማይፈስበት ጊዜ የተበላሸ መገጣጠሚያም ሙሉ ቮልት ያሳያል። መለካት ያለበት ፕለጉ ፍም እያለ፣ አንዱን መርፌ በመሃለኛው ጫፍ፣ ሌላውን በቴስታታው ላይ አድርጎ ነው። በዚያው ጊዜ ባትሪው ላይ ካነበቡት ከ0.1 ቮልት በላይ ከጎደለ መርፌዎቹን በሽቦው መንገድ እያስከተሉ የሚበላውን መገጣጠሚያ ይፈልጉ። ቀጥሎ ፕለጉን ይፍቱና በዚያው ጃክ በኩል ያብሩት፤ ማገናኛው ሳይወጣ የፕለጉን አካል በማሳው ሽቦ ያስነኩ። ጥምዝምዙ ከላይ እስከ ታች ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት፤ ደብዛዛ ቀይ ከሆነ ሽቦውን ወይም ባትሪውን እንደገና ይዩ። ይህን ሲያደርጉ የነዳጅ ጠርሙሱ ክዳን ተዘግቶ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሜታኖል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ለዓይን አይታይም።