በአር ላይ የማያስፈልጉ የኮምፓይለር መልእክቶችን ዝም ማሰኘት

የመንዝ በግ ግልገሎችን የዕድገት መዝገብ ይዞ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ውስጥ፣ ስታን በተባለው መሣሪያ የስታቲስቲክስ ሞዴል ሊሠራ ለተቀመጠ የደብረ ብርሃን ተማሪ፣ መጀመሪያ የሚገጥመው ውጤት ሳይሆን ቀይ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን ገና ሲያስነሳው «አይገን»፣ «ቡስት» የሚሉ የማያውቃቸው ስሞች ስክሪኑን ይሞሉታል። ኮዴ ተበላሽቷል ብሎ እዚያው የሚያቆም አለ። አልተበላሸም። ስታን ሞዴላችሁን ሲ ፕላስ ፕላስ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጠው፣ ይረከበዋል። አይገንና ቡስት ስታን የሚገለገልባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው የኮድ ስብስቦች) ናቸው፤ ኮምፓይለሩ የሚያጉረመርመውም አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ኮድ ላይ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው «ሰፕረስ ዋርኒንግስ» በሚለው ትእዛዝ ሞዴሉን መጠቅለል ነው። ይህ ትእዛዝ የሚይዘው አር ራሱ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ግን ከአር ውጭ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ አይመለከተውም። ዝም የሚባለው ከምንጩ፣ «ሜክቫርስ» በሚባለው ፋይል ነው። (ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።)

መጀመሪያ ፋይሉን ክፈቱ። «ዩዝ ዚስ» የተባለው ፓኬጅ (አር ላይ የሚጫን ተጨማሪ) ካላችሁ «ኤዲት አር ሜክቫርስ» የሚለው ትእዛዝ ፈልጎ ይከፍትላችኋል። ከሌላችሁ በራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ነጥብና አር የሚል ስም ያለው ፎልደር ፍጠሩና «ሜክቫርስ» የሚል ፋይል እዚያ አስቀምጡ።

ቀጥሎ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ሲኤክስኤክስ 17 ፍላግስ» በትልልቅ ፊደል ሳይነጣጠል፣ ከዚያ የመደመርና የእኩል ምልክት ተያይዘው፣ በመጨረሻ ሰረዝና ትንሿ ዳብልዩ። በቆየ የአር ስታን (ስታንን ከአር የሚያገናኘው ፓኬጅ) ቅጂ ላይ 17 የሚለው 14 ሊሆን ይችላል።

የመደመር ምልክቷን እንዳትረሱ አጥብቄ እለምናለሁ። እኩል ብቻ ከጻፋችሁ፣ አር ለኮምፓይለሩ አስቀድሞ የሰጠው የማፍጠኛ ትእዛዝ፣ ማለትም ሰረዝ፣ ትልቁ ኦ እና 2፣ ይሻራል። ጫጫታው ይጠፋል፤ ግን ሞዴሉ በጣም ይንቀራፈፋል፣ ምክንያቱንም የሚነግራችሁ የለም።

ትንሿ ዳብልዩ የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ትዘጋለች፤ ስህተትን ግን አትደብቅም። የራሳችሁን ሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ስለሚበዛባችሁ፣ በትልቁ ዳብልዩና «ኖ» ጀምራችሁ የማትፈልጉትን ዓይነት ብቻ በስሙ ዝጉ፤ ለምሳሌ «አንዩዝድ ቫሪያብል»ን።

ከዚያ «አር ስታን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦቶ ራይት» የሚለውን ትሩ አድርጉት። ሞዴሉን በራሱ የስታን ፋይል ጽፋችሁት ከሆነ፣ ኮምፓይል የተደረገው ሞዴል ፋይል ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሞዴሉን ካልቀየራችሁ በስተቀር ኮምፓይለሩ ዳግመኛ አይጠራም። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋባችሁም ያ ሥራ አይባክንም።

የቀረው ቀላል ነው። ፓኬጅ ሲከፈት የሚመጣውን ሰላምታ «ሰፕረስ ፓኬጅ ስታርትአፕ መሴጅስ» ይዘጋዋል። ስታን ስንት ዙር እንደሄደ የሚቆጥረውን ደግሞ «ሪፍሬሽ»ን 0 በማድረግ ታስቆሙታላችሁ።

አሁን ወደማይነካው። ከመሐል ሜዳ አካባቢ የመጣ መዝገብ ላይ፣ የክብደት ዓምዱ ውስጥ አንዱ 18 ብሎ፣ ሌላው «18 ኪሎ»፣ ሦስተኛው «አልተመዘነም» ብሎ ጽፏል እንበል። ዓምዱን ወደ ቁጥር ስትቀይሩ ሁለቱ ጽሑፎች ወደ ባዶ ይለወጣሉ፤ አርም ይህን በማስጠንቀቂያ ይነግራችኋል። ያልተመዘነው ግልገል ባዶ መሆኑ ልክ ነው። የተመዘነው ግን ክብደቱ እያለው ከስሌት ወጣ! ይህን ማስጠንቀቂያ ከዘጋችሁት ገበሬው ይዞት፣ መዝጋቢው መዝኖት የጻፈው ልፋት ሳታውቁት ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ኪሎ» የሚለውን ከዓምዱ አጽዱ፤ ፋይሉን ስታነቡም «አልተመዘነም» ማለት ባዶ እንደሆነ «ኤንኤ ስትሪንግስ» በሚለው ቦታ ለአር ንገሩት። ያኔ ማስጠንቀቂያው በራሱ ይቀራል።

ስታን ናሙና ወስዶ ሲጨርስ «ዳይቨርጀንት ትራንዚሽንስ» ካላችሁም አትዝጉት፤ ውጤቱ ላይታመን ይችላል ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት ኮዱ አናት ላይ «ዋርን»ን ከዜሮ በታች 1 የሚያደርግ መስመር አታስገቡ፤ የአርን ማስጠንቀቂያ በሙሉ አንድ ላይ ያፍናል። አንድን ማስጠንቀቂያ አጣርታችሁ ጉዳት እንደሌለው ካወቃችሁ፣ ያንኑ መስመር ብቻ በ«ሰፕረስ ዋርኒንግስ» ጠቅልሉ።

ለአማካሪ የምትሰጡት ሪፖርት ንጹሕ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ አር ማርክዳውን (ኮድና ጽሑፍን በአንድ ሰነድ የሚያዋህደው) ላይ በኮዱ ክፍል ራስጌ «ዋርኒንግ»ን ፎልስ አድርጉት። ማስጠንቀቂያው ከወረቀቱ ይወጣል፣ ለእናንተ ግን ኮንሶሉ ላይ ይታያል።

ፓኬጅ ስትጭኑም «ኳየት»ን ትሩ ማድረግ ይቻላል። ጭነቱ እምቢ ካለ ግን አውጡትና እንደገና ሞክሩ፤ የጎደለው ነገር ስም አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች በላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።