የስኩባ ፊናችሁ ለምን ያስቸግራችኋል? ከምልክቱ ተነስታችሁ መፍትሄውን ፈልጉ

ኢላት፣ ፉጃይራ ወይም ጅቡቲ ላይ ስኩባ (የአየር ሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የጀመራችሁ ሁሉ የተማራችሁት ምናልባት በኪራይ ፊን፣ ማለትም ለመዋኘት እግር ላይ በሚደረገው ሰፊ ጠፍጣፋ መሣሪያ ነው። የራሳችሁን ልትገዙ ስትነሱ ደግሞ መጀመሪያ የምትሰሙት ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ እግር ላይ ልክ ይሁን፣ ቀጥሎ ክብደቱ ይታይ። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊትም አሁን ያለው ፊን ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከቡቱ (ከፊኑ ውስጥ ከሚደረገው ለስላሳ ጫማ) ወይም ለመጥለቅ ከምትታጠቁት የእርሳስ ክብደት አቀማመጥ ነውና።

ፊን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ጫማ ተረከዝን ጭምር ይሸፍናል፣ በባዶ እግር ይጠለቃል። ሌላው ከኋላ ክፍት ነው፣ በቡት ላይ ይታሰራል።

ጣት ይደነዝዛል፣ የእግር ጀርባ ያማል

የፊኑ የእግር ማስገቢያ ጠቧል። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ በካልሲ ሞክሮ ይገዛና በኋላ 5 ሚሊሜትር ቡት አድርጎ ለማስገባት ይታገላል። ከኋላ ክፍት የሆነውን ፊን የምትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ቡት ይዛችሁ ሂዱ። ቡት ገና ካልገዛችሁ እሱን አስቀድሙ። ከሰዓት በኋላ ብትሞክሩ ይሻላል፣ እግር ወደ ማታ ትንሽ ያብጣል። የጫማ ቁጥር ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ መጠኑ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ፊኑ ይላላል፣ ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል

ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን አንሱና አወዛውዙት። ፊኑ ከእግራችሁ ጋር እኩል መሄድ አለበት። ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ሰፍቷል።

ላይ ልክ የነበረው ታች ሲላላስ? ይሄ የቡቱ ጉዳይ ነው። ቡቱ በሚሠራበት ስፖንጅ መሰል ጎማ (ኒዮፕሪን) ውስጥ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች አሉ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ የውሃው ወለል ላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ ቡቱም ይሳሳል፣ ላይ ያጠበቃችሁት የጎማ ማሰሪያ ታች ሲደርስ ይላላል። መፍትሄው የሞላ (ስፕሪንግ) ማሰሪያ ነው። ሞላው ቡቱ ሲሳሳ በራሱ ይሰበሰባል፣ ማውለቁም ቀላል ነው። ተረከዝ የሚሸፍነው ፊን ትንሽ ከሰፋችሁ ስስ የኒዮፕሪን ካልሲ ይበቃል፤ በጣም ከሰፋ ግን ለውጡት።

ባት ይሸማቀቃል

ውሃ ውስጥ እያላችሁ ከያዛችሁ መምታት አቁሙ፣ ለጓደኛችሁ ምልክት ስጡ፣ የፊኑን ጫፍ ይዛችሁ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ እናንተ ሳቡት። ከወጣችሁ በኋላ ምክንያቱን ፈልጉ። መቅዘፊያው፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው የፊኑ ሰፊ ክፍል፣ ለጡንቻችሁ ከብዶ ይሆናል። ማስገቢያው ጠቦ ጣታችሁን እያጠፋችሁ ይሆናል። ውሃ ሳትጠጡም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ውስጥ ጀልባ ላይ ብዙ ከቆያችሁ ይህን አትርሱ። ጠንካራ መቅዘፊያ ኃይል የሚሰጠው እግሩ ለሚችለው ሰው ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የምትጠልቁ ከሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይበቃችኋል።

እግር ይሰምጣል

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ አየር የሚያባክነው ይሄ ነው። እግራችሁ ወደ ታች ካዘነበለ እያንዳንዱ ምት ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይገፋችኋል። ወደ ላይ ስትሄዱ አየር ከሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬታችሁ አየር ታወጣላችሁ፣ ስታወጡ ትከብዳላችሁ፣ ላለመስመጥ ደግሞ መምታት ግድ ይሆናል። ኮራሉም (እንደ ድንጋይ የጠነከረው ሕያው የባሕር ፍጥረት) በፊናችሁ ይሰበራል፣ የተሰበረ ኮራል ደግሞ ቶሎ አያገግምም።

ፈተናው እንዲህ ነው። 5 ሜትር አካባቢ፣ ከታች አሸዋ ባለበት፣ አግድም ሆናችሁ መምታት አቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። እግራችሁ ቀስ እያለ ከወረደ መጀመሪያ እርሳሱን ንኩ፦ ከቀበቶው 1 ወይም 2 ኪሎ አንስታችሁ ሲሊንደሩ ላይኛው ማሰሪያ ላይ ባለ ኪስ አድርጉት፣ ወይም ሲሊንደሩን ራሱን ትንሽ ወደ ጭንቅላት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከወረደ ያኔ ፊኑ ከብዷል ማለት ነው። እንደ ስኩባፕሮ ጄት ፊን ያሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቁት ወፍራም የጎማ ፊኖች፣ ውሃ ውስጥም ይሰምጣሉ። በ3 ሚሊሜትር ዌትሱት (ውሃ የሚያስገባ የኒዮፕሪን ልብስ) ሞቃት ውሃ ውስጥ ለሚጠልቅ ቀጭን ሰው አልመክራቸውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ እጅ ላይ የሚከብድ ፊን ሁሉ ውሃ ውስጥ አይሰምጥም። ባልዲ ውስጥ የባሕር ውሃ ሙሉና ጣሉት፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። የእጅ ክብደቱ የሚያሳስበው በአውሮፕላን ስትጓዙ ነው።

እግር ይንሳፈፋል

በድራይሱት (ውሃ በማያስገባ፣ ውስጡ አየር ባለው ልብስ) የሚጠልቁ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ አየሩ ወደ እግር ይሸሻል። ለእነሱ ከባዱ የጎማ ፊን ትክክለኛ ምርጫ ነው። በዌትሱት ከሆናችሁና እግራችሁ የሚነሳው ወደ መጨረሻው ብቻ ከሆነ ግን ሲሊንደሩን ጠርጥሩ። የተለመደው 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶ ሲሆን ወደ 2 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይጎትታል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ፈተና ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ግፊት ሲቀር ድገሙት። ሁለቱም ጊዜ ከተነሳ ጥቂት እርሳስ ወደ ወገብ መልሱ።

ትመታላችሁ፣ አትሄዱም

ጓደኛችሁ በቪዲዮ ይቅረጻችሁ። ጉልበታችሁ እንደ ብስክሌት ነጂ የሚታጠፍ ከሆነ የትኛውም ፊን አያድናችሁም፤ ምቱ ከዳሌ ይነሳ። ምቱ ጥሩ ሆኖ መቅዘፊያው ከልክ በላይ ከታጠፈ ግን ለስልሷል። እንደ ግብፁ ራስ ሙሐመድ ያለ የውሃው ፍሰት የሚበረታበት ቦታ ላይ ይሄ ያስቸግራል። መሃሉ የተሰነጠቀው ፊን ለደካማ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይመቻል፤ ነገር ግን እንደ እንቁራሪት መምታትና ወደ ኋላ መሄድ ያስቸግርበታል።

ከኋላችሁ አሸዋና ደለል ይነሳል

ከወለሉ ትንሽ ከፍ በሉ፣ እንደ እንቁራሪት መምታት ተማሩ። ለዚህ አጠር፣ ሰፋና ጠንከር ያለ መቅዘፊያ ይሻላል።

መቅዘፊያው ተጣሟል፣ ማሰሪያው ተሰነጣጥቋል

መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሙቀት ላይ ታጥፎ ከርሟል፣ ወይም ግድግዳ ተደግፎ በጫፉ ቆሟል። የፕላስቲክ መቅዘፊያ ከሆነ ሞቅ ባለ ውሃ አለስልሱት፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝታችሁ አቀዝቅዙት። ከጠለቃችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። የጎማ ማሰሪያውን ከመጥለቃችሁ በፊት ወጠር አድርጋችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ከታየ ጀልባው ሳይነሳ ቀይሩት። መለዋወጫ ማሰሪያ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።