«አቦ፣ ቪጂኤዋን ቀይርልኝ!»

ድሬ ላይ ላፕቶፕ ስጠግን በብዛት የምሰማው ይሄን ነው። ቪጂኤ የሚሉት ምስሉን የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ነው። ልጁ ከሳቢያን በባጃጅ ይመጣል። የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ማሽኑ ስታክ እያደረገ አስመርሮታል። እኔ ግን ካቻቪቴ ሳላነሳ በፊት ሞዴሉን አያለሁ። አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የግራፊክስ ቺፑ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ ወይም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። አይነቀልም፣ አለቀ።

የእናንተን ለማወቅ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ ማለት ነው) የሚለውን እዩ። ያለው የኢንቴል ብቻ ከሆነ እዚያው ሜሞሪ የሚለውን ንኩ። ከ2 የራም ቦታ የተያዘው 1 ብቻ ነው? እሰይ! እንዲህ ያለ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው። ሁለተኛ ራም ስትጨምሩለት መንገዱ ሁለት ይሆንለታል። አይሪስ ኤክስኢ እንኳ በአንድ ራም ሲሠራ ስሙን አጥቶ ዩኤችዲ ተብሎ ይታያል።

ተንደርቦልት በሚባለው ፈጣን መሰኪያ ከውጭ ካርድ መሰካትም አለ። ሳጥኑ፣ ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ሲደመር ግን ዴስክቶፕ ግዙ ባይ ነኝ።

በትክክል የሚነቀለው ኤምኤክስኤም የሚባለው ካርድ ነው። እንደ ዴል ፕሪሲዥን ኤም4800 ባሉ ወፍራም የቆዩ ማሽኖች ላይ ይገኛል። ኳድሮ ኬ1100ኤም ያለበትን በኬ2100ኤም መቀየር ይቻላል። ሁለቱም 2 ጊጋ ናቸው፤ ስሌቱን የሚሠሩት ኮሮች ግን ከ384 ወደ 576 ይወጣሉ። ለዚያው ሞዴል የተሠራ ካርድ ግዙ። ቅርጹ ገጠመ ማለት ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ይቀበለዋል ማለት አይደለም።

ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። የሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ብረት) ብሎኖች እየተፈራረቃችሁ በትንሽ በትንሹ አላሉ። የካርዱ ብሎኖች ሲወጡ ጫፉ ብድግ ይላል፤ ያኔ አጋድማችሁ ሳቡት፣ ልክ እንደ ራም። አዲሱም እንደዚያው አጋድሞ ይገባል።

አሁን አቧራው። የድሬ አቧራ ፋኑና የሂትሲንኩ ክንፎች መሃል ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተልጦ ይወጣል። ስትነፉት ፋኑን በስቴኪኒ ያዙት፣ እንዳይሽከረከር። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ማሽኑን ያድነዋል፤ ካርድ ሊያስቀይር የመጣውን ሰው አጽድቼ የመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ቺፑ ላይ ብቻ፣ የምስር ፍሬ ታህል። በዙሪያው ያሉት ሜሞሪዎች ላይ ግን ለስላሳው ፓድ ነው የሚቀመጠው። አንዴ ፓድ አልቆብኝ ፔስት ቀባሁበት። ክፍተቱ ሰፊ ስለነበር ሂትሲንኩ አልነካቸውም፤ ማሽኑ ጌም ተከፍቶ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም አለ። የራሴ ጥፋት ነበር፣ ካርዱን ከኪሴ ከፈልኩ። የድሮውን ፓድ ውፍረት ለክታችሁ ያንኑ ተኩ።

የድሮውን ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አጥፍታችሁ የአዲሱን ጫኑ። ሙከራውን ታዲያ ማታ ንፋሱ ሲነፍስ አታድርጉት፣ ይሸውዳችኋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ፣ ከባድ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ከቆየ የታች ክዳኑን ብሎን እሰሩ።