ዛንዚባር በአንድ ሆቴል ወይስ በሁለት? ከጅማ የሚነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጫጉላም ይሁን ለዓመት ፈቃድ ዛንዚባርን ያሰበ ሰው ካርታው ላይ ደሴቲቱ ትንሽ ትመስለዋለች። «ግማሹን ሰሜን፣ ግማሹን ምሥራቅ እንደር» የሚለው ሐሳብም ወዲያው ይመጣል። ሁለት ሆቴል መያዝ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ችግሩ አብዛኛው ሰው ሳያሰላ መወሰኑ ነው።

1. ቀኑን ከጅማ ከሚነሱበት ዕለት መቁጠር

የሚቆጠረው ደሴቲቱ ላይ የሚታደርበት ሌሊት ነው። ቅዳሜ ከጅማ በመኪና ተነስታችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ብታድሩ፣ እሁድ በርራችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብትመለሱና እሁድ ጅማ ብትገቡ፣ ዘጠኝ ቀን የተባለው ጉዞ ስድስት ሌሊትና አምስት ሙሉ ቀን ብቻ ይሆናል። ከጅማ በአውሮፕላን ተነስቶ በዚያው ቀን ማገናኘት ከተቻለ አንድ ቀን ይተርፋል። ያኔ ግን ከጅማ እስከ ዛንዚባር ያለው በአንድ ትኬት ይቆረጥ። የጅማው በረራ በዝናብ ወይም በጉም ቢዘገይና ትኬቶቹ የተለያዩ ቢሆኑ፣ ቀጣዩ በረራ ሲያመልጣችሁ ኪሳራው የራሳችሁ ነው።

ከአምስት ሌሊት በታች ከሆነ አንድ ሆቴል ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

2. የመዛወሪያውን ቀን እንደ ሙሉ ቀን መያዝ

ሆቴሎች ክፍል የሚያስለቅቁት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው፤ አዲሱ ክፍል የሚሰጠው ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ። በመካከሉ ሻንጣ ይታሸጋል፣ ሒሳብ ይዘጋል፣ መኪና ይጠበቃል፣ ከዚያ እንግዳ መቀበያው ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ቀን እንዲሁ ይሄዳል። የሚያቃልለው ለሁለተኛው ሆቴል ቀድሞ ጽፎ ሻንጣ ማስቀመጥና ገንዳውን መጠቀም ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። የመዋኛ ልብስ ከሻንጣው ውጭ በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፦ የዛንዚባር ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ሆቴሉ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። ከሾፌር ጋር ስትቀጣጠሩ «ጠዋት 4 ሰዓት፣ ማለትም 10፡00» ብላችሁ ሁለቱንም አረጋግጡ።

3. ሁለት ተመሳሳይ ቦታ መምረጥ

ከአንድ ባሕር ዳርቻ ወደ ሌላ ባሕር ዳርቻ መዛወር ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ሆቴል የሚያዋጣው የሁለቱ ቦታ ሥራ ሲለያይ ነው፤ በተለይ ስቶን ታውንና አንድ ባሕር ዳርቻ። ስቶን ታውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። ጠባብ መንገዶቿን፣ የተቀረጹ በሮቿንና የማታውን የፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ገበያ ለማየት፣ በጀልባም ወደ ቻንጉ ደሴት ሄዶ ግዙፎቹን ኤሊዎች ለመጎብኘት ሁለት ሌሊት በቂ ነው።

የመኪናው ወጪም ወደዚሁ ያደላል። አውሮፕላን ማረፊያው ከስቶን ታውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ከሰሜኑ ኑንግዊ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመለሱ ለነገሩ የምታልፉት በከተማዋ በኩል ነው፤ ስለዚህ እዚያ ማደር የሚጨምረው አጭር የታክሲ ጉዞ ብቻ ነው። ከኑንግዊ ወደ ምሥራቁ ፓጄ መዛወር ግን ደሴቲቱን አቋርጦ ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስድ፣ ለብቻው የሚከፈልበት ጉዞ ነው። የፓጄ ሆቴል የያዘ ሰው ኑንግዊን ለማየት የግድ ማደር የለበትም፣ ማለዳ ወጥቶ ማታ መመለስ ይችላል።

4. የባሕሩን መሸሽ አለማስላት

ከሁሉም የሚያናድደው ይኸኛው ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከሙሉው እስከ ጎደሎው ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ በጣም ይርቃል፤ ያኔ ለመዋኘት አይመችም። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። በሰሜኑ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኛል።

ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። በመጣችሁበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ ከሸሸ፣ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። ሳምንት ሙሉ ምሥራቅ የቆየ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ቆይታውን ለሁለት ከፍሎ እዚያ ሦስት ሌሊት ብቻ የያዘ ግን ሦስቱንም ቀን በቀትር ደረቅ አሸዋ ሊያይ ይችላል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የቀናችሁን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ተመልከቱ። ሆቴሎች የሚለጥፉት ፎቶ ባሕሩ ሲሞላ የተነሳውን ነው፣ ሌላ አትጠብቁ።

5. ወቅቱን መርሳት

የጥር ሙሽሮች ዕድለኞች ናቸው፣ ጊዜው ደረቅ ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ግን በሚያዝያና በግንቦት የዛንዚባር ከባድ ዝናብ ላይ ይወድቃሉ። በዚያ ወቅት የሚዘጉ ሆቴሎች አሉ፤ አንድ ጥሩ ሆቴል በቅናሽ ይዞ መቀመጥ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ጅማ ዝናብ ሲወርድባት እዚያ ደረቅ ነው፤ ሆኖም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ፓጄን ይመታል። ለነፋስ ስፖርተኞች ደስታ ነው፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማረፍ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። በረመዳን ደግሞ ስቶን ታውን ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ቀን ቀን ይዘጋል፤ የማይጾም ሰው የከተማውን ሌሊት ያሳጥር።

6. ቅናሽና ቀብድ

ሰባት ሌሊት ለሚያድር የስድስት ብቻ የሚያስከፍሉ ሆቴሎች አሉ። ሰባቱን ሌሊት ሦስትና አራት ብላችሁ ለሁለት ሆቴል ስታካፍሉት ያ ቅናሽ ይቀራል። ቀብዱም፣ የስረዛ ደንቡም ሁለት ይሆናል፤ የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው እዚያ ሲደርስ የሚከፈልበትን ሆቴል ይፈልግ። የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሆቴሉ «አልመጡም» ብሎ ቀሪውን ሌሊት እንዳይሰርዝ ከቦሌ ሳትነሱ መልእክት ላኩ።

የሆቴል ቁጥር የማይነካው ወጪም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የሚገዛው የዛንዚባር የጉዞ መድን ዋጋው በሰው 44 ዶላር ተብሎ ነው የተጀመረው፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።