አጭር ብድር ወይስ ረጅም? አገር ቤት የሚከራይ ቤት ለሚገዛ ዳያስፖራ

ሁለት ዓመት ይበቃኛል ብዬ ነበር የተበደርኩት። ከምኖርበት አገር ባንክ የግል ብድር ወሰድኩ፤ አገር ቤት የጀመርኩትን አፓርታማ ቀሪ ክፍያ ልዘጋበት። ሒሳቤ ቀላል ነበር። ቤቱን በ6 ወር እረከባለሁ፣ ፊኒሺንጉ በ3 ወር ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል። ርክክቡ በ19 ወር ዘገየ። ብድሩ ግን አንድ ቀን አልዘገየልኝም፤ በየወሩ ከደሞዜ ላይ ይቆረጥ ነበር። የመጀመሪያው ተከራይ የገባው የብድሩን የመጨረሻ ክፍያ ከከፈልኩ ከ4 ወር በኋላ ነው።

ወለዱ መጥፎ አልነበረም። ያሳሳተኝ ጊዜው ነው። ስለ ብድር የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ወለዱን ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ብድሩን የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? መቼስ እጃችሁ ይገባል?

እስቲ በቁጥር እንየው። 1 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ተበደራችሁ እንበል። (16 በመቶ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የባንካችሁን ቁጥር አስገቡበት።) በ5 ዓመት የሚያልቅ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው 24,318 ብር ገደማ ይሆናል። በ20 ዓመት ከሆነ ወደ 13,913 ብር ይወርዳል። ደስ ይላል አይደል? ግን ጠቅላላ የምትከፍሉትን ደምሩት። በ5 ዓመቱ ብድር ወለዱ 459 ሺህ ብር ገደማ ነው። በ20 ዓመቱ 2.34 ሚሊዮን ይደርሳል። ከተበደራችሁት ከእጥፍ በላይ ለወለድ ብቻ ማለት ነው።

የረጅሙ ብድር የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ልብ ያቆስላሉ። ከመጀመሪያው ወር 13,913 ብር ውስጥ 13,333ቱ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 580 ብር ብቻ። 5 ዓመት ሙሉ ሳታቋርጡ 834 ሺህ ብር ከፍላችሁ የቀረውን ዕዳ ብትጠይቁ፣ ገና 947 ሺህ ብር ነው ይሏችኋል። ባንኩ አላጭበረበረም፤ የብድር አከፋፈል ስሌቱ እንዲህ ነው። ቤቱን በአምስተኛው ዓመት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ግን ይህን ካላወቀ ጉድ ይሆናል።

ይህን ያየ ሰው ወዲያው ወደ አጭሩ ይሮጣል። እኔ ግን ከውጭ ሆኖ ለሚገዛ ሰው አጭሩን ብድር በቀላሉ አልመክርም። የአጭር ጊዜ ብድር የሚያዋጣው ሰዓቱ በእጁ ላለ ሰው ነው። የእናንተ ሰዓት ግን በሌሎች እጅ ነው። ቤቱን በሚገነባው አልሚ፣ በፊኒሺንግ ሠራተኛው፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ካርታ በሚያወጣው መሥሪያ ቤት፣ በወኪላችሁ እጅ። አንዱ ሲያነክስ ሁሉም ያነክሳል።

አጭሩ የሚያዋጣበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። የመክፈያው ገንዘብ አሁኑኑ በስማችሁ ካለ፣ ለምሳሌ ቀኑ ተቆርጦለት የሚለቀቅ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ካላችሁ፣ ውሰዱት። ቤቱን ተረክባችሁ፣ ካርታው በስማችሁ ወጥቶ፣ የቀራችሁ ቀለምና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ብቻ ከሆነም ውሰዱት። ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ይጨምር፦ ስም ለማዛወር የሚፈጀውን ጊዜ። ካርታ ያልወጣለት ቤት ዋጋው ይሰበራል፣ ገዢም ባንክም ይሸሸዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከአልሚ ጋር የምትፈርሙት የክፍያ መርሐ ግብር ራሱ የአጭር ጊዜ ዕዳ ነው። ወለድ የሚል ቃል ስለሌለበት ብድር አይመስልም። ነገር ግን 30 በመቶ ዛሬ፣ ቀሪው በየደረጃው በ2 ወይም በ3 ዓመት ከተባለ፣ ዕዳ ነው፤ የመዘግየት ቅጣትም አለው። «የመጨረሻውን ክፍያ በባንክ ብድር እዘጋዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ደግሞ አያለሁ። ባንኩ መያዣ ይፈልጋል። ያላለቀ፣ ካርታም የሌለው ቤት በምን ይያዝለታል? ባንኩ ከአልሚው ጋር ስምምነት ከሌለው በስተቀር ሐሳቡ እዚያው ይቀራል። እሱን ከመፈረም በፊት ነው መጠየቅ።

ባንክ ይሰጠኛል ብሎ መተማመንም አደጋ አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ አስቀመጠ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ተደርጓል። ትምህርቱ ግን አለ፤ አጭሩን ብድር በአዲስ ብድር እተካዋለሁ ብሎ ያቀደ ሰው፣ በመተኪያው ሰዓት ባንኩ «የምንሰጠው የለንም» ሊለው ይችላል።

አሁን ወደ ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር የቆየው፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላዩን ምሳሌ ውሰዱ። በብር የ20 ዓመት ብድር የነበረበትና ደሞዙ በዶላር የሆነ ሰው፣ 13,913 ብሩን ለመክፈል መጀመሪያ 244 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ዶላሩ 114 ብር ሲደርስ 122 ዶላር በቃው። ዕዳው ሳይነካ ሸክሙ በግማሽ ቀለለ። ረጅሙ ብድር በብር ሲሆን ለዳያስፖራው የሚያደላው ለዚህ ነው።

በዶላር የተበደረና ኪራዩን በብር የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት። ኪራዩ ሳይቀንስ የዕዳውን ግማሽ ብቻ መሸፈን ጀመረ። ውጭ አገር ባለው ቤታችሁ ዋስትና ተበድራችሁ አገር ቤት ስትገዙ እዚህ ቦታ ላይ ናችሁ። ብድሩን ከደሞዛችሁ መክፈል ከቻላችሁ ችግር የለውም። ከኪራዩ እከፍለዋለሁ ካላችሁ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። አሜሪካ ላሉት ደግሞ አንድ ማስታወሻ፦ በቤት ዋስትና የሚከፈት የብድር መስመር አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ተለዋዋጭ ነው። ደግሞም ቢበላሽ የሚሄደው ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ቤት ነው።

ለዳያስፖራ ተብለው የተዘጋጁ የቤት ብድሮች ያሏቸው የአገር ቤት ባንኮች አሉ፤ ክፍያውንም በውጭ ምንዛሪ የሚጠይቁ አሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ክፍያው በዶላር መላኩ አንድ ነገር ነው፤ ዕዳው በዶላር መመዝገቡ ሌላ ነገር ነው። ውሉ ላይ ዕዳው የተጻፈው በብር ነው? የምትልኩት ዶላር በየትኛው ቀን ተመን ይመነዘራል? ባንኩ ወለዱን በመሃል መቀየር ይችላል? በብዙ ውሎች ላይ ይችላል። የውጭ ዜግነት የያዛችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን ማለቴ ነው፣ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ኪራይ ላይም እንደ ድሮው አታስቡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ 2 ዓመት ነው። ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መቀበል አይቻልም። ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ስለዚህ «የዓመት ኪራይ ቀድሜ ተቀብዬ አጭሩን ብድር እዘጋለሁ» የሚለው የድሮ ዘዴ አይሠራም። ባንኩ ወለዱን ቢጨምርባችሁ እናንተ ተከራዩ ላይ እንዳሻችሁ አትጨምሩም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ብሆን ረጅሙን ወስጄ እንደ አጭር እከፍለዋለሁ። የ20 ዓመቱን ብድር በ13,913 ፋንታ በወር 20 ሺህ ብር ብትከፍሉበትና ወለዱ ባይቀየር፣ 7 ዓመት ሳይሞላው ያልቃል። ሥራ ሲጠፋ፣ ተከራይ ሲወጣ ደግሞ ወደ 13,913 ትመለሳላችሁ። አጭሩን ብድር የወሰደ ይህ መላወሻ የለውም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ውሉ ቀድሞ መክፈልን ያለ ቅጣት መፍቀድ አለበት። ትርፉ ክፍያም ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ይግባ፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ቅድመ ክፍያ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ።

የቀረው ውክልናው ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለዚህ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። እና «መበደር»፣ «ቤቱን በመያዣ ማስያዝ» የሚሉት ቃላት ተለይተው ይጻፉ። መሸጥን ግን ካላስፈለገ አትጨምሩበት። ወንድምም ቢሆን።

ውክልናውን የያዘው ሰው ከባንክ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ቀን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ተስማሙ። ባንኮች የያዙትን መያዣ የሚሸጡት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ነው። በዚህ አዋጅ ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። አድራሻው ማንም የማይኖርበት አዲሱ አፓርታማችሁ ከሆነ፣ 30ው ቀን ደብዳቤው በር ሥር እንደተኛ ያልፋል። የውጭ አገር ስልካችሁና ኢሜይላችሁ ውሉ ላይ ይግቡ፤ የወኪላችሁ አድራሻም ከጎኑ።